ስለ ጓሳ ሣርና ስለ ጊዜ ሕግ

ሰው ስለ አንድ አገር መሬት ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ስፋቱን፣ ለምነቱንና ባለቤቱን ነው፤ መሬቱ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደሚያርፍ ግን ከገበሬው በቀር የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ደጋ ላይ የሚገኘው የጓሳ ምድር እስከ ዘመናችን ሊደርስ የቻለው ድንበሩ ስለ ተከለለ ብቻ ሳይሆን ጊዜውም ስለ ተከለለ መሆኑን፣ ይህንንም ጊዜ የመከለል ሥልጣን ከሕዝቡ እጅ ማውጣት ምድሩን በሞፈር ከማረስ የማይተናነስ ጥፋት መሆኑን ነው።

ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የውርጭ አገር ነው። በስተ ምሥራቅ ያለው ወገን በአንድ ጊዜ ተገምሶ ገደል ሆኖ ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ ሲመለከት፣ በስተ ምዕራብ ያለው ወገን ግን ቀስ በቀስ እያዘቀዘቀ ከመንዝና ከግሼ አምባዎች ጋር ተያይዞ ይወርድና፣ ወንጪትና ጀማ በቆረጧቸው ጥልቅ ሸለቆዎች በኩል ወደ መርሐ ቤቴ ይዘልቃል። ስለዚህም በአንዱ ሸንተረር ላይ የወረደ ዝናብ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከፊሉ በአዋሽ በኩል ወደ አፋር በረሃ ወርዶ በአቤ ሐይቅ ሲቀር፣ ከፊሉ በዓባይ በኩል ሱዳንንና ግብጽን አቋርጦ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። የጓሳ ሣር መኖርና መጥፋት የመንዝ ሰው ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ይህን የውኃ ጉዞ ቢመረምር አሳቡን ያርማል።

የቀደሙት ሊቃውንቶቻችን የስድስቱን ቀን ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩ፣ ግዙፉ ዓለም ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት እንደ ተሰናዳ፣ እነዚህም አራቱ ባሕርያት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሲሆኑ በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው እንደሚኖሩ ይናገሩ ነበር። የዘመናችን ተመራማሪዎችም በሌላ መንገድ ተጉዘው፣ በመለካትና በመቁጠር፣ ወደሚቀራረብ ቁም ነገር ደርሰዋል። ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል እ.ኤ.አ. በ1866 ሕያዋን ፍጥረታት ከሚኖሩበት ስፍራ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምረውን ትምህርት ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ አድርጎ ሰየመው፤ እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ አርተር ታንስሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 ሕያዋኑን ከአፈሩ፣ ከውኃውና ከአየሩ ለይቶ መመርመር እንደማይገባ፣ ሁሉም በአንድነት እንደ አንድ ሥርዓት መታየት እንዳለበት አስረዳ። ዛሬ ሥነ ምኅዳር የምንለው ትምህርት መሠረቱ ይኸው ነው፤ ማንም ፍጥረት ለብቻው አይኖርም፣ የሚበላውም በተራው ይበላል፣ የሞተውም ለሕያው ምግብ ሆኖ ወደ ምድር ይመለሳል። ይህንን ለተማሪ ለማሳየት የሚሻ መምህር ከባሕር ማዶ ምሳሌ መዋስ አያስፈልገውም፤ ጓሳ ይበቃዋል።

በዚህ ከፍታ ላይ የሚኖር ፍጥረት ሁሉ በየዕለቱ ሁለት ፈተና ያገኘዋል፤ ቀን በሳሳው አየር ውስጥ የሚያልፈው ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ሌሊት ሰማዩ በጠራ ጊዜ ደግሞ አመዳይ ይወርድበታል። የደጋው ዕፅዋት ግን እያንዳንዱ በየራሱ ብልሃት ይህንን ይቋቋማል። ጅብራ ብርዱ ሲጠና ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ በመካከል ያለውን ለጋ እምቡጥ ይሸፍናል፤ ለብዙ ዓመታትም አቅሙን ሲያከማች ይቆይና፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም ዘንግ አውጥቶ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። አስታ ቅጠሉን አሳንሶና አጠንክሮ ከነፋስ ይተርፋል፤ ጦስኝም ከመሬት ጋር ተጣብቆ ይሸሸጋል። ጓሳ የተባለው ሣር ደግሞ አንድ ላይ ተጠቅጥቆ ጉብ ጉብ ብሎ የሚበቅል ሲሆን፣ ያለፈው ዓመት የደረቀ ቅጠሉን ሳይጥል በዙሪያው ይዞት ስለሚቆይ፣ ከመካከል የሚወጣውን አዲስ ቅጠል ከውርጭ ያድነዋል። ስለዚህ ሣሩን በየዓመቱ ያለ ዕረፍት እስከ ሥሩ የሚያጭድ ወይም የሚያስግጥ ሰው የደረቀውን የወሰደ ይመስለዋል እንጂ፣ በእውነቱ ገና ያልወጣውን ቡቃያ ለውርጭ አሳልፎ ይሰጣል። ለአንድ አዝመራ የሚበቃ ሣር የሚገኘው ከአንድ ክረምት ሳይሆን ከተከታታይ ክረምቶች ነው።

ብርዱ ሌላም ሥራ አለው። በቆላ የወደቀ ቅጠል በጥቂት ወራት ውስጥ በስብሶ ሲያልቅ፣ በጓሳ ብርድና እርጥበት ግን መበስበሱ ይዘገያል፤ የሣሩም ሥርና ቅጠል ዓመት ከዓመት እየተከማቸ ጥቁርና ወፍራም አፈር ይሆናል፤ ይህም አፈር በክረምት የወረደውን ዝናብና ጉሙ ያመጣውን ርጥበት እንደ ሰፍነግ መጥጦ ይይዝና በበጋ ቀስ እያለ በምንጩ በኩል ይለቀዋል። ሣሩ ቢጠፋ ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ላይቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን በሐምሌ ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ ይሄድና በሚያዝያ ምንጩ ይነጥፋል። እንግዲህ ለቆላው ገበሬ የሚጠቅመው የዝናቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን የመዘግየቱም ነገር ነው ማለት ነው፤ ደጋው ለቆላው የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ውኃ ብቻ ሳይሆን በጊዜው የሚደርስ ውኃ ነው። ይህንን ስጦታ የሚያዘጋጀው የተዘጋው ሣር ሲሆን፣ ተቀባዩ ግን ሣሩን አይቶት እንኳ የማያውቅ ሰው ነው።

ከዚህም ሣር ሥር ብዙ ዓይነት የደጋ አይጦችና ፍልፈሎች ይኖራሉ፤ ሣሩንና ሥሩን እየበሉ፣ ጉድጓድ እየማሱ፣ የታችኛውን አፈር ወደ ላይ እያወጡ ምድሪቱን ያገላብጣሉ። በእነርሱም ላይ ቀይ ቀበሮ ሕይወቱን መሥርቷል። ይህ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የማይገኝ አውሬ፣ አዋቂዎቹ ብቻ ቢቆጠሩ ከ500 የማይበልጡ ሲሆን፣ ምግቡ አብዛኛው አይጥ ስለ ሆነ ሕልውናው በሣሩ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሥጋ በል ቢሆንም የሚኖረው በሣር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። የቁጥሩ ማነስ ምክንያቱ ስደትና በሽታ ብቻ አይደለም፤ ከፍጥረት ሥርዓትም የመጣ ነው። ሣሩ ከፀሐይ የተቀበለውን ኃይል አይጥ ሲበላው፣ አይጡንም ቀበሮ ሲበላው፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በግምት ከአሥር አንድ እጅ ብቻ ነው፤ የቀረው በእንቅስቃሴና በሰውነት ሙቀት ያልቃል። ስለዚህ አንድን የቀበሮ ቤተሰብ ለማኖር እጅግ ብዙ አይጥ፣ ያንን አይጥ ለማኖር ደግሞ እጅግ ሰፊ ሣር ያስፈልጋል፤ ከሣሩ ጥቂት ሲነሣ ከላይ ያለው ብዙ ይጎድልበታል። በሰሜን ሸዋ በጎሽ ሜዳ፣ በጎጃምም በጮቄ ተራራ ይኖሩ የነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ዛሬ የሉም፤ ጓሳም ከእነዚህ ስፍራዎች ዕጣ የዳነው ከፍታው በልጦ አይደለም።

ፍጥረታት የሚገናኙት በመብላትና በመበላት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብም ሰው ጓሳ ያስተምረዋል። ጭላዳ ዝንጀሮ ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ተለይቶ ሣር እየጋጠ የሚኖር፣ ቀኑን በሜዳው ሲውል ሌሊቱን በገደሉ ላይ የሚያሳልፍ፣ እርሱም በአገራችን ደጋ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። በጓሳ ለዓመታት ጭላዳን ሲከታተሉ የቆዩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ ቀይ ቀበሮ በሚግጡ ጭላዶች መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶ ሙከራው 67 ያህሉ ሲሳካለት፣ ለብቻው ሲያድን ግን የሚሳካለት 25 ያህሉ ብቻ ነው። የጭላዳው መንጋ ሣሩን እየነቀለ ሲሄድ አይጦቹ ከመደበቂያቸው ስለሚወጡ፣ ወይም ቀበሮው በመንጋው መካከል ለአይጥ ዓይን ስለሚሰወር ሊሆን ይችላል ይላሉ። ቀበሮው የጭላዳ ግልገል እያየ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ያልፋል፤ ጭላዳውም አብዛኛውን ጊዜ ቀበሮውን አይሸሽም። በሰኔ 2001 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በጓሳ ላይ በወረደ ጊዜ ደግሞ ሣር በል የሚባሉት ጭላዶች አንበጣውን እየለቀሙ ሲበሉ ታይተዋል። ለገበሬ መቅሠፍት የሆነው ለሌላው ፍጥረት ማዕድ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሥርዓት ሰው ሳይነካው የቆየ ገነት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ጓሳ ለዘመናት የሰው እጅ ያልተለየው ምድር ነውና። የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ለእርሻ የሚሆነውን ርስት ሲካፈሉ፣ ጓሳን ግን ከእርሻው ለይተው የጋራ አደረጉት፤ ለአጠባበቁም ቄሮ የተባለውን ሥርዓት አቆሙለት። ሥርዓቱን የሚመራው ሕዝቡ መርጦ የሚሾመው አባ ቄራ ነበረ፤ ተጠቃሚው ሁሉ በየተራው ዘብ የመውጣት ግዴታ ነበረበት፤ የተዘጋውን ሣር ያጨደ ወይም ከብቱን ያሰማራ ሰውም ይቀጣ ነበር። መንዞች ለዚህ ሣር የተጨነቁት ለቀይ ቀበሮ ብለው አልነበረም፤ ቤታቸውን የሚከድኑበት፣ ገመድ የሚገምዱበት፣ ከዝናብ የሚጠለሉበትን ገሳ የሚሠሩበት፣ በክፉ ቀንም በጎቻቸውን የሚያተርፉበት ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ቀበሮው፣ ጭላዳውና ሰማያዊ ክንፍ ያላት የደጋ ዝይ በሰው ጥቅም ጥላ ሥር ተጠልለው ኖሩ።

የዚህ ሥርዓት ጥበብ ጎልቶ የሚታየው ግን በጊዜ አከፋፈሉ ላይ ነው። ጓሳ እንደ ሣሩ ሁኔታ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያህል ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ ሣሩ ለአጨዳ መድረሱ በታወቀ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተማክረው፣ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያንና በገበያ ነግረው፣ በበጋው ልብ በየካቲት ገደማ ይከፍቱታል፤ አጨዳው ካለቀ በኋላ ከብት ይሰማራበትና፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ አቦ ዕለት፣ ተመልሶ ይዘጋል። የሐዋርያት ጾም መግቢያው በዓለ ጰራቅሊጦስን እየተከተለ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ሲል፣ መውጫው ግን አይነዋወጥም፤ ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረ እረኛ እንኳ ቀኑን አይስትም። ይህም ቀን ክረምቱ የጠናበት፣ ሣሩ ከሥሩ አቆጥቁጦ የሚነሣበት፣ የረጠበውም አፈር በከብት ኮቴ በቀላሉ የሚላቆጥበት ጊዜ ነው። የሚከፈትበት ወቅት ደግሞ ሣሩ ዘሩን አራግፎ ያበቃበት፣ መሬቱም ደርቆ የጠነከረበት ነው። የዛሬ የግጦሽ ሊቃውንት ሣር በሚያድግበት ወቅት ይረፍ፣ ዘሩን ካራገፈ በኋላ ይታጨድ ብለው የሚመክሩትን፣ የመንዝ አባቶች በበዓልና በጾም ቀን ላይ አስረው ለልጅ ልጅ አስተላለፉት። ሃይማኖቱ ለሕጉ ሞገስ ሰጠው፤ ሕጉም ለሣሩ ዕረፍት።

እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ በጻፈው ዝነኛ ጽሑፉ፣ ለሁሉ የተከፈተ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ አንድ ከብት ሲጨምር ትርፉ የብቻው ሆኖ ጉዳቱ ግን ለሁሉ ስለሚከፋፈል ማንም ራሱን እንደማይገታ ተከራከረ፤ ከዚህም አሳብ ተነሥተው ብዙ መንግሥታት የጋራ መሬትን ወይ ለግል ባለቤት ወይ ለመንግሥት ማስረከብን መድኃኒት አደረጉት። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በልዩ ልዩ አገሮች የጋራ ግጦሽን፣ ደንን፣ የመስኖ ውኃንና ዓሣን የሚያስተዳድሩ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት መርምራ፣ ድንበሩ የታወቀ፣ ሕጉን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያወጡት፣ ጠባቂው ከመካከላቸው የሆነ፣ ቅጣቱም እንደ ጥፋቱ መጠን የሚወሰን ከሆነ የጋራ ሀብት ሳይጠፋ ለትውልድ እንደሚተላለፍ አስረዳች፤ በዚህም ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። የቄሮን ሥርዓት ከዚህ ጋር ያስተያየ ሰው አንድም የጎደለ አያገኝበትም። ሃርዲን የጻፈው ስለ ባለቤት አልባ መሬት ነበር፤ የመንዝ አባቶች ግን የጋራና ባለቤት አልባ የተለያዩ መሆናቸውን ከእርሱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀድመው ያውቁ ነበር።

ይህን ስል ግን ያለፈውን ሁሉ አሳምሬ ለማቅረብ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። የቄሮ ሥርዓት የባለ ርስቶች ሥርዓት ነበረ፤ ከአቅኚ አባቶቹ ዘር ያልተወለደ ሰው በጓሳ ላይ ድርሻ አልነበረውም፤ ጎረቤቱ ሣሩን ሲያጭድ ድንበር ላይ ቆሞ የሚመለከት ድኻ ነበረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ በታወጀ ጊዜ ለእንደዚህ ያለው ሰው ፍትሕ ነበረ፤ ይህን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን አዋጁ የዘር መብቱን ሲሽር የጊዜውን ሕግም አብሮ ሻረው። አባ ቄራ ሥልጣኑን ሲያጣ፣ ጓሳ የመንግሥት ተባለ፤ የመንግሥት ማለትም በተግባር የማንም ማለት ሆነ። ቀድሞ ተከልክለው የነበሩትም ነገ ይዘጋብናል በሚል ስጋት፣ የቀድሞዎቹ ባለመብቶችም ሌላው ሳይጨርሰው እኛ እንቅደም በሚል ቅናት፣ ያለ ወቅቱ ያጭዱና ያስግጡ ጀመር። ሃርዲን የፈራው ነገር በጓሳ የደረሰው የጋራው ሥርዓት በነበረበት ዘመን ሳይሆን ሥርዓቱ በፈረሰበት ዘመን ነው።

ሕዝቡም የደረሰውን ጉዳት አይቶ ዝም አላለም፤ በየቀበሌው ተወካይ እየመረጠ የጓሳ ጥበቃ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ከቀድሞው የሚለየውም የዘር ሐረግ ሳይጠየቅ የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ የሚካፈልበት መሆኑ ነው። የእነ ዶክተር ዘላለም ተፈራ ጥናትም የቄሮን ታሪክ ከጽሑፍ አስፍሮ፣ የቀይ ቀበሮውን ሕይወት ከሣሩ አጠባበቅ ጋር አያይዞ ለዓለም አስታወቀ፤ ስፍራውም በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ በክልሉ መንግሥት ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። ስለዚህ ዛሬ ያለው ጓሳ የጥንቱን ጥበብና የኋለኛውን ፍትሕ ባንድነት ለማስማማት የሚጥር ነው፤ ለዚህም ነው ከጥንቱ ይልቅ የዛሬው ጓሳ ሊጠበቅ የሚገባው።

አንዳንድ ሰዎች ግን ይህ ሁሉ ሕዝብ እየገባ እየወጣ ተፈጥሮ ሊጠበቅ አይችልም፤ ሰውን አውጥቶ፣ አጥር አጥሮ፣ ጠባቂ መቅጠር ይሻላል ይላሉ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጎ፣ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል፤ እያንዳንዱ ስፍራ የራሱ ሁኔታ አለውና በዚያ የተደረገውን በዚህ አልመረምርም። በጓሳ ግን ይህን መንገድ መከተል ስሕተት ነው የምለው፣ የጓሳ ጠባቂው ራሱ ተጠቃሚው ስለ ሆነ ነው። የተቀጠረ ዘበኛ ደመወዙ ሲቋረጥ ይሄዳል፤ ቤቱን በጓሳ ሣር የሚከድን ሰው ግን ሣሩ እንዲተርፍለት ስለሚሻ ሌሊት በውርጭ ይወጣል። ያንን ሰው ከሣሩ የለየነው ቀን ጠባቂውን ወደ ሌባነት እንለውጠዋለን።

ነገር ግን ዘመኑ ይህን የጥቅም ገመድ በሌላ በኩል እያላላው መምጣቱን ማየት አለብን፤ የክርክሬ ከባዱ ክፍልም ይኸው ነው። የሣር ቤት በቆርቆሮ ሲለወጥ፣ ገሳ በላስቲክ ሲተካ፣ ገመድም ከፋብሪካ ሲገዛ፣ ሣሩ ለገበሬው የነበረው ዋጋ ይቀንሳል፤ ዋጋው የቀነሰበትን ነገር ደግሞ ለማን ብሎ ይጠብቀዋል? መሬት ያልደረሰው ወጣት የተዘጋውን ሰፊ ሜዳ ሲያይ፣ እርሱ የሚያየው ያልታረሰ ገብስ ነው፤ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ደግሞ ገብስ ከዱሮው ከፍ ብሎ መብቀል ስለሚችል ፈተናው እየበረታ ይሄዳል። የቆላው ዕፅዋት ሙቀት ሲበዛበት ወደ ደጋ ሊወጣ ይችላል፤ ጅብራና ቀይ ቀበሮ ግን ከተራራው ራስ በላይ ወዴት ይወጣሉ? ከመንደር የሚመጡት ውሾችም ሌላ ሥጋት ናቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ጨርሷል፤ እንደ ጓሳ ባለ ትንሽ ስፍራ አንድ ጊዜ ቢገባ የሚያስከትለውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ በመጀመሪያ፣ ጓሳ መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈትና ስንት ቀን እንደሚታጨድ የመወሰን ሥልጣን የማኅበረሰቡ ሆኖ ይጽና፤ ድርቅ ቢመጣ ወይም ሌላ ችግር ቢያጋጥም እንኳ ማንኛውም የመንግሥት ሹም ከእነርሱ ምክር ውጭ በትእዛዝ አያስከፍተው፤ የመንግሥት ፍርድ ቤትና ፖሊስም ማኅበረሰቡ የወሰነውን ቅጣት ያስፈጽሙ። ሁለተኛ፣ ውኃው የሚደርሳቸው የቆላ መስኖ ተጠቃሚዎችና ከተሞች ለደጋው ጠባቂ ድርሻ የሚያዋጡበት ሥርዓት ይፈለግ፤ ሣሩ ለቤት ክዳን ያለው ዋጋ ቢቀንስም ለውኃ ያለው ዋጋ አልቀነሰምና፣ የቀድሞው ጥቅም የላላበትን ገመድ ማጥበቅ የሚችለው ይህ ነው። ሦስተኛ፣ በጥብቅ ስፍራው ዙሪያ ያሉ ውሾች በየጊዜው ይከተቡ፤ ወጪው ትንሽ፣ ቸልታው ግን የማይመለስ ጥፋት ነው። አራተኛ፣ ማኅበረሰቡ ከእንግዳ ማረፊያውና ከጎብኚ የሚያገኘው ገቢ መሬት ለሌለው ወጣትና ለሴቶች ሥራ እንዲሆን፣ በኮሚቴውም ውስጥ ድምፅ እንዲኖራቸው ይደረግ፤ የቄሮ ድክመት አንዳንዱን ከድርሻ ማስወጣቱ ነበርና ያን ስሕተት በሌላ መልክ መድገም አይገባም።

የጎብኚ ገቢ ብቻውን ይበቃል ከሚሉት ጋር ግን አልስማማም። ጎብኚ ሰላም በሆነበትና መንገድ በተከፈተበት ጊዜ የሚመጣ፣ ወሬ ሲከፋ የሚቀር ነው፤ ሣሩ ግን ጎብኚ በቀረበትም ዓመት ሊዘጋ ይገባል። ውኃ የሚጠጣ ሰው ግን በሰላምም በጦርነትም ይጠጣል። ጥበቃ ዘላቂ የሚሆነው በማይቋረጥ ጥቅም ላይ ሲመሠረት ነው፤ ይህንንም የጥንቶቹ ያውቁት ነበርና ሕጋቸውን በየዕለቱ በሚያስፈልጋቸው በቤት ክዳንና በከብት መኖ ላይ ገነቡት።

ለትምህርት ቤቶቻችንም አንድ ነገር ላሳስብ። ተማሪዎቻችን ሥነ ምኅዳርን ሲማሩ የሩቅ አገር ደንና የሩቅ አገር አንበሳ እየተሣለላቸው ይማራሉ፤ ለፈተናም ያጠናሉ፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ ይረሱታል። ጓሳን ቢማሩ ግን ሣርን፣ አይጥን፣ ቀበሮን፣ ጭላዳን፣ አፈርንና ውኃን በአንድ ምሳሌ ያገኙታል፤ ከዚያም በላይ ሌላ መጽሐፍ የማይነግራቸውን ያገኛሉ፤ ሰው ከምኅዳሩ ውጭ ቆሞ የሚመለከት ሳይሆን በውስጡ የሚኖር፣ መብላትም መታገሥም የሚችል ፍጥረት መሆኑን። የሌላው ፍጥረት ልክ በሆዱ ይወሰናል፤ የሰው ልክ ግን በሕጉ ነው። ሕጉ ሲጠፋ የሚቀረው ሆዱ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለክልሉም ለፌዴራሉም ባለሥልጣኖች የማቀርበው አቤቱታ አጭር ነው። ጓሳን ለማዳን አዲስ ጥበብ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ያለውን ጥበብ አለማፍረስ ነው። በ1967 ዓ.ም. ፍትሕን ስንሻ የጊዜውን ሕግ አብረን አፈረስን፤ ዛሬ ልማትን ወይም ጥበቃን ስንሻ ደግመን እንዳናፈርሰው እንጠንቀቅ። ሣሩ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው የመንዝ ገበሬ ይሁን፤ የመንግሥት ድርሻ ውሳኔውን ማጽናት፣ የቆላውና የከተማው ሰው ድርሻ ደግሞ ወጪውን መካፈል ነው።